ሸሀቡ ህንድ አገር ያየው ውርጭ

ደባርቅ ውስጥ ሌጦ ነጋዴውን ሸሀቡን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት በአውቶቡስ የገባ እንግዳ ነው፣ ወይ አፍንጫ የለውም። ሰውየው ገና ከመታጠፊያው ሳይደርስ ጠረኑ ቀድሞት ይደርሳል። ፋሲካ በዋለ ማግሥት ክርስቲያኑ ሁሉ ሥጋ በልቶ ጋደም ባለበት ሰዓት፣ ሸሀቡ አህያውን እየነዳ ከደጅ ደጅ ይዞራል። ሌጦውን ዘርግቶ በመዳፉ ይዳብሳል፤ ቢላ የነካው ቀዳዳ ሲያገኝ ወደ ሰማይ አንሥቶ ፀሐይዋን በቀዳዳው እያየ፣ "እናንተ ሰዎች፣ ያረዳችሁት በግ ነው ወይስ ወንፊት?" ይላል። የቤቱ ሰው ይስቃል፤ ሌጦው ይሸጣል።

ከዚያ ወደ መጋዘኑ ይወስደዋል። ጨው ይነሰንስበታል፣ ያጥፈዋል፣ ይከምረዋል። በክረምት በመጋዘኑ አጠገብ የሚያልፍ ሁሉ በነጠላው ጫፍ አፍንጫውን ይዞ ይሮጣል። ሸሀቡ ግን እዚያው ክምሩ ላይ ተቀምጦ ዳቦውን በሻይ እያጠቀሰ ይበላል። "ኧረ እንዴት ቻልከው?" ሲሉት፣ "ምኑን?" ይላል። ማስመሰል እንዳይመስላችሁ፤ እውነቱን ነው። በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ጨው መነስነስ ከጀመረ ወዲህ ቆዳ ሸትቶት አያውቅም።

"አላህ ለእኔ የሁለት ሰው አፍንጫ ሰጠኝ" ትላለች ሚስቱ ረህማ፤ "የእኔንም የእሱንም።" ከቤታቸው በር ውጭ አንድ በርሜል ውሃና ሳሙና ታስቀምጣለች። ታጥቦ ልብሱን ሳይቀይር ደጃፏን አይረግጥም። ሸሀቡም በዚህ ተከፍቶ አያውቅም።

ታዲያ ሚሊኒየሙ በተከበረ በማግሥቱ ዓመት፣ ምስክር የሚባል ሰው በነጭ መኪና ከአዲስ አበባ መጣ። ጫማው ጭቃ አይነካውም፤ ደባርቅ ላይ፣ ያውም በሐምሌ! በደቡብ ህንድ፣ በአንድ የፋብሪካ ከተማ ያለ የቆዳ ድርጅት ወኪል ነኝ አለ። ድርጅቱ እዚሁ ስሜን ግርጌ ቆዳ ፋብሪካ ሊያቆም አስቧል፤ የመረጠውም ከደባርቅ ወደ ዳባት ሲወረድ ያለውን ቄጠማ ሜዳ የሚባለውን ነው። ሜዳው የገበሬዎቹ የጋራ ግጦሽ ነው። በመሀሉ ወንዝ ያልፋል፤ ከብቱ ይጠጣበታል፣ ሴቱ ይቀዳበታል፣ ለጥምቀት ታቦት የሚወርደውም እዚያው ነው።

መንግሥት ቤት ያሉት "ገበሬው ከተስማማ እኛ ደስታችን ነው" አሉ። ገበሬው ግን ሁለት ልብ ሆነ። በሜዳው ጥግ ገብስ የምትዘራው በለጠች፣ አፏ የማያርፍ ሴት፣ በስብሰባው መሀል ተነሥታ፦

"ልጆቻችን ሱዳን በረሃ ከሚገቡ እዚሁ ሥራ ቢያገኙ ማን ይጠላል? ነገር ግን ይሄ ፋብሪካ የምትሉት ምን እንደሚበላ ነገራችሁን፤ በግ ይበላል። ምን እንደሚጥል ግን ያየ ሰው አለ?" አለች።

ሰዉ ሳቀ። ምስክርም አብሮ ሳቀና፣ "መልካም ጥያቄ ነው እማማ። አንድ የምታምኑት ሰው ምረጡ፤ ድርጅቱ ህንድ አገር ድረስ ወስዶ ያሳየዋል" አለ።

ያን ጊዜ ነው ቄስ ገብረ ሚካኤል መቋሚያቸውን ወደ ሸሀቡ የቀሰሩት።

"ይሄ ይሂድ።"

"ሸሀቡ?" አለች በለጠች። "አባ፣ እርስዎ ደግሞ! አፍንጫው የሞተ ሰው ምን አሽትቶ ይመጣል?"

"ለዚህ እኮ ነው የምልሽ። ጠረን የሚያስበረግገው ሰው ብንልክ እኛንም በከንቱ አስበርግጎ ያስቀረናል። ይሄ አይበረግግም። ደግሞ አባቱን አውቃቸው ነበር፤ የሰው አደራ በልተው አያውቁም። ሸሀቡ፣ አንተ ጥሩ ነው ካልክ ሜዳውን እንሰጣለን። አይሆንም ካልክ አንሰጥም።"

ሰዉ በዚህ ተስማማ። ሸሀቡ ደረቱን ነፋ። እንዴት አይነፋ! ለዚያ ሰፈር ሰው ሁሉ አደራ ተቀባይ ሆነ፤ እስላም ነጋዴ ለክርስቲያን ገበሬ። በዚያ ላይ ምስክር ከስብሰባው በኋላ ወደ ጥግ ወስዶ ጆሮው ሥር ሹክ ብሎታል፤ ፋብሪካው ከቆመ ከጃናሞራ እስከ ዳባት ያለው ሌጦ በሙሉ በሸሀቡ እጅ ያልፋል፤ ዋና ገዢ ይሆናል፤ ቢሮ ይሰጠዋል፤ የሚሽከረከር ወንበር ያለው ቢሮ! ሸሀቡ ቤቱ ገብቶ በዱካ ላይ ተቀምጦ ሊሽከረከር ሲሞክር ረህማ አየችውና፣ "ምን ሆንክ? ጨጓራህን ነው?" አለችው።

እንግዲህ ልቡ ከመሄዱ በፊት "ጥሩ ነው" ብሎ ጨርሶ ነበር ማለት ነው።

ህንድ አገር ሲደርሱ የአውሮፕላኑ በር ተከፈተና ሙቀቱ እንደ ላም ትንፋሽ ፊቱ ላይ ወጣበት። ሸሀቡ የደባርቅ ሰው ነውና ካፖርቱን ደርቦ ነበር የሄደው፤ ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ ላቡ እስከ ካልሲው ወረደ። ከዚያ ረጅም የመኪና መንገድ፤ ከዚያ የጭስ ማውጫ በጭስ ማውጫ ላይ የተደረደረበት ከተማ፤ የጭነት መኪናው ጡሩምባ ለአፍታ አያርፍም። የከተማይቱን ስም ምስክር ደጋግሞ ነገረው፤ ሸሀቡ ምላሱ እየተጠመዘዘበት ተወው።

ባለ ፋብሪካው በር ድረስ ወጥቶ ተቀበላቸው። ነጭ አበባ እንደ መቁጠሪያ ተሰክቶ የተሠራ ጉንጉን በሸሀቡ አንገት ላይ አጠለቀለት። ቢሮው ውስጥ ሲገቡ፣ ወይ ጉድ! የደባርቅ ብርድ በማሽን ተሠርቶ ከግድግዳው ይወጣል። ሸሀቡ ካፖርቱን እንደገና ለበሰ። በመስታወት መደርደሪያው ላይ ጫማው፣ ቦርሳው፣ ቀበቶው እንደ ሙሽራ ተሰናድቶ ቆሟል። ባለ ፋብሪካው አንዲት የሴት ጓንት አንሥቶ መዳፉ ላይ አኖረለት። ልስላሴዋ እንደ ጽጌረዳ ቅጠል ነው።

"ይሄ የእናንተ አገር በግ ነው ይልሃል" ብሎ ምስክር አስተረጎመ። "የብርድ አገር በግ ቆዳው ቀጭንም ጠንካራም ነው፤ እንዲህ ያለ ዓለም ላይ የለም ይልሃል።"

ሸሀቡ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እሱ አህያ እየነዳ የለቀማት፣ ረህማ በር ላይ ያስቆመችበት፣ ልጆች "ሸታታው!" ያሉበት ሌጦ እዚህ ደርሳ የንግሥት እጅ የሚገባባት ነገር ሆናለች! እዚያች ቢሮ ላይ ነገሩ ቢያበቃ ኖሮ ሸሀቡ ተንበርክኮ ሜዳውን ይሰጥ ነበር።

ነገሩ ግን አላበቃም። ወደ ፋብሪካው ወረዱ።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተሰማው በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል የመኮርኮር ነገር ነው። ሊያስነጥሰው መሰለው። ቀጥሎ ጉሮሮው ላይ የሆነ ነገር ተጋደመ፤ እንደ ረጠበ ጨርቅ። የበሰበሰ እንቁላል ነው እንዳይባል የኖራ ነው፤ የኖራ ነው እንዳይባል የሽንት ነው፤ የሽንት ነው እንዳይባል የጥርስ ሐኪም ቤት መድኃኒት ነው። ቤት የሚያክሉ የእንጨት በርሜሎች እየተንገጫገጩ ይሽከረከራሉ፤ ከሥራቸው ሰማያዊ ውሃ ይንቆረቆራል። ሰዎች በባዶ እግራቸው እዚያ ሰማያዊ ውሃ ውስጥ ቆመው ከቆዳው ላይ የተፋቀ ሞራና ጸጉር በአካፋ ይዝቃሉ። ሞራው ሲዛቅ ልክ እንደ ገንፎ ቧ ይላል። አንዱ ሠራተኛ ቀና ብሎ ፈገግ አለለት፤ የጣቶቹ ጫፍ ጥፍር የለውም።

"ምስክር" አለ ሸሀቡ በቀስታ፣ "ምንድነው እሱ?"

"ምኑ?"

"የሚሸተው።"

ምስክር ቆሞ አየው። ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ሸሀቡ ሸተተኝ አለ! ሸሀቡ!" ለባለ ፋብሪካውም ተረጎመለት፤ እሱም ትከሻውን መታ መታ እያደረገ ሳቀ። ሸሀቡም ለይሉኝታ ሳቀ፤ ሲስቅ አፉን ከፈተ፤ አፉን ሲከፍት ጠረኑ ምላሱ ላይ ተቀመጠ።

"ይሄ ውሃ የት ነው የሚሄደው?"

"ማጣሪያ አለው" አለ ምስክር፤ በአረንጓዴ ቀለም የተቀባ ትልቅ ጋን እያሳየው። ሸሀቡ አየው። በጋኑ መክፈቻ እጀታ ላይ ሸረሪት ድሯን አድርታለች። እጀታው ተነክቶ ቢያውቅ ሸረሪቷ ሌላ ቤት ትፈልግ ነበር።

ምሳ ተጋበዙ። ምን የማይቀርብ ነገር አለ! ሩዙ፣ ዶሮው፣ የወተት ሻዩ። ሻዩን አንድ ጊዜ ፉት አለው፤ ቆዳ ቆዳ አለው። ሩዙ ቆዳ ቆዳ አለው። በአንገቱ ያለው አበባ ከፋብሪካው ጠረን ጋር ተቀላቅሎ የሬሳ ሽቶ መሰለው። ያን ቀን ሸሀቡ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ረህማ ስንት ዓመት ምን ስትችል እንደኖረች ገባው።

ይሁን እንጂ ልቡ ገና አልቆረጠም ነበር። የሥራ ሽታ ነው፣ ግድግዳ ውስጥ ያለ ነው፣ እኔ ላይ እንጂ ሜዳው ላይ አይደርስም እያለ ራሱን ሲያባብል ተኛ።

ሊነጋጋ ሲል አዛን ሰማ። አዛን! በዚያ ባዕድ አገር! ልቡ በደስታ ዘለለች። ነጠላ ጫማውን አድርጎ፣ ድምፁ ወደመጣበት በእግሩ ወረደ። ቤቶቹ አለቁና ወደ ወንዝ የሚወርድ ሜዳ ላይ ወጣ። እዚያ ቆመ።

ሜዳው ነጭ ነበር።

እናንተ የደባርቅ ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ ኅዳር ላይ ጎሕ ሲቀድ የገብሱ ማሳ እንዴት እንደሚያነጣ፣ ሣሩ ሲረገጥ እንዴት ኮሽ እንደሚል። ሸሀቡም ያወቀው ያንን ነው። "ውርጭ!" አለ ጮክ ብሎ፤ ብቻውን። "ሱብሃነላህ፣ እዚህም ውርጭ ይጥላል!" ወንዙ ላይ ደግሞ እንደ በረዶ ክምር ነጭ ነገር ተቆልሏል። እንደ ልጅ ሮጠ። ካፖርት ለብሶ ላብ ያጠመቀው ሰው፣ ያ ሁሉ ሙቀት ጠፍቶበት፣ አገሩ ያለችው እዚያ ታች መስሎት ሮጠ። በሁለት እግሩም ገባበት።

ሞቀው።

ሞቃት ውርጭ! እስከ ቁርጭምጭሚቱ የዋጠው አረፋ ነው፤ እንደ ሳሙና አረፋ፣ ግን የሚያጣብቅ፣ የሚለበልብ። ነፋሱ ሲመጣ ከወንዙ ላይ ቁራጭ ቁራጩን እያነሣ እሾኩ ላይ ይለጥፈዋል። ከአረፋው ሥር ያለው ውሃ ጥቁር ነው፤ እንደ ውሃም አይፈስም፣ ይጎተታል። እግሩን መንጭቆ ወጣ። በዳርቻው ዘንባባ የመሰሉ ዛፎች አናታቸው ተቀንጥሶ እንደ ምሰሶ ቆመዋል። መሬቱ ላይ ያለውን ነጭ በጣቱ ጫፍ ነክቶ ቀመሰው። ጨው ነው። ይሄ እሱ መጋዘኑ ውስጥ በመዳፉ የሚነሰንሰው ጨው ነው፤ ከሌጦው ጋር ባሕር ተሻግሮ፣ እዚህ ታጥቦ፣ የሰው እርሻ ላይ የተኛ።

እየተንገዳገደ መስጊዱ ደረሰ። እግሩን ሊታጠብ፣ ከሶላት በፊት የሚደረገውን ውዱእ ሊያደርግ ቧንቧውን ከፈተ። ውሃው ሰናፍጭ መስሎ ወጣ። እጁን ሊዘረጋ ሲል አንድ ሽማግሌ አንጓውን ያዙት። እሱ የእሳቸውን ቋንቋ አያውቅም፤ እሳቸውም የእሱን። ሽማግሌው ወደ ውሃው አመለከቱና ዓይናቸውን ነኩ። አፍንጫቸውን ነኩ። ምላሳቸውን አውጥተው ነኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሸሀቡ ትርጓሜ አላስፈለገውም። ልጅ ሆኖ ቁርዓን ቤት ያስተማሩት ነው፤ ቀለሙ፣ ጠረኑ፣ ጣዕሙ በነጃሳ፣ በርኩስ ነገር፣ የተለወጠ ውሃ አያጠራም። የእግዜር ውሃ ከመሬት ወጥቶ ለሶላት የማይሆንበት አገር! ሽማግሌው ከጥግ ጀሪካን አመጡ፤ ከሩቅ በቦቴ የሚመጣ ውሃ ነው፤ በጣሳ እየቆጠቡ እጁ ላይ አፈሰሱለት። ሸሀቡ ፊቱን ታጠበ፤ ሶላቱን ሰገደ፤ ወጣና ከመስጊዱ አጥር ውጭ አንጀቱ እስኪገለበጥ አስመለሰ። ሽማግሌው ጀርባውን ያዙለት። አላዘኑለትም፤ የለመዱት ነገር ነው።

ቁርስ ላይ ምስክር እንቁላሉን እየላጠ ነገሩን ሰማ።

"ይለመዳል" አለው። "አንተ ራስህ ለምደህ የለም እንዴ? መጋዘንህ አጠገብ ሰው አፍንጫውን ይዞ ሲሮጥ አንተ ዳቦ ትበላለህ። የአንተ ሰዎችም እንዲሁ ይለምዱታል።"

ከፋብሪካው በላይ ሸሀቡን ያስጠላው ይህ ነው፤ ሰውየው አለመዋሸቱ።

ሲሸኙ ባለ ፋብሪካው ጥቁር የቆዳ ጃኬት አለበሰው። ሸሀቡም ተቀበለ፤ አመስግኖ ተቀበለ! አውሮፕላን ውስጥ ጃኬቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ቃላት ሲያማርጥ ነበር። "ትንሽ ይሸታል ግን ሥራ አለ" ልበል? "ማጣሪያ አላቸው" ልበል? ጋኑ እንደሆነ አለ፤ ውሸት አይደለም። የሚሽከረከረው ወንበር ዓይኑ ላይ ውል ይልበታል። ጃኬቱ ደግሞ ደስ የሚል ጠረን ነበረው፤ እንደ አዲስ መጽሐፍ። ያን ሁሉ ቆሻሻ ጥሎ እንዲህ ማማሩ ሲገርመው፣ ሲያንገሸግሸው፣ አጣጥፎ ከወንበሩ ሥር ወረወረው። ሲወርድ አላነሣውም።

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰዉ ሁሉ ቄጠማ ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። ምስክር ስለ ሥራ፣ ስለ መብራት፣ ስለ መንገድ አማረ አድርጎ ተናገረ። ወጣቶቹ አጨበጨቡ። ከዚያ ቄስ ገብረ ሚካኤል፣ "እህ፣ ሸሀቡ?" አሉ።

ሸሀቡ ተነሣ። ያማረጣቸው ቃላት ሁሉ ጠፉበት።

"አባ" አለ፣ "ውሃው ለውዱእ አይሆንም።"

"እኛ ውዱእ አናደርግም እኮ!" አለ ከኋላ አንዱ፤ ሰዉ ሳቀ።

"ለጥምቀትም አይሆንም" አለ ሸሀቡ። "ታቦት ይዛችሁ የምትወርዱበት አይሆንም። ለጠበል አይሆንም። ላም አይጠጣውም። መሬቱ ነጭ ነው፤ ውርጭ መስሎኝ እግሬን ነከርኩ፤ ይኸው።" ሱሪውን ሰበሰበ። ቁርጭምጭሚቱ ዙሪያውን እንደተለበለበ ነበር። "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቆዳ ላይ ተቀምጬ በልቻለሁ። እዚያ ግን ውሃ መጠጣት አቃተኝ። ሰዎቹ ደጎች ናቸው። አንድ ሽማግሌ ከጉሮሯቸው ቀንሰው ነው ውሃ የሰጡኝ። ደጎቹን ሰዎች ነው እንደዚያ ያደረጓቸው።"

"ይሄ ሰው ስለ ጋኑ አልነገራችሁም!" አለ ምስክር። "ማጣሪያ አለ!"

"ጋኑ አለ። ሸረሪት ታድርበታለች።"

በለጠች እጇን አጨበጨበች። "በሉ፣ አፍንጫው የሞተው ሰውዬ ከእናንተ ሁሉ በላይ አሽትቶ መጣ!" ቄስ ገብረ ሚካኤል መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ "ሜዳው የከብት ነው፤ ወንዙም የጥምቀት ነው። ቃላችን ቃል ነው" አሉ።

ያኔ ከወጣቶቹ መሀል አንድ ጠይም ጎረምሳ ተነሣ። ወንድሙ ባለፈው ዓመት ሱዳን በረሃ የቀረበት ነው። "ጋሽ ሸሀቡ" አለ፣ "በረሃ ላይ የሚበሰብሰው ሬሳስ አይሸትም?"

ሸሀቡ የሰበሰበውን ሱሪ ለቀቀ። ጎረምሳው ጓደኞቹን ይዞ ሄደ፤ ሌሎቹ ሌጦ ነጋዴዎችም ሸሀቡን ሰላም ሳይሉት ተበተኑ።

ምስክር ግን አልተናደደም። ያ ነው ሸሀቡን የረበሸው። ወረቀቱን በእርጋታ ጠቅልሎ መኪናው ውስጥ አስገባ፤ ጫማውን በመሀረብ ጠረገ።

"አልተቀየምኩህም ወንድሜ" አለው። "አገሩ ሰፊ ነው። ወንዝ ያለው ይሄ ሜዳ ብቻ አይደለም።"

"የትኛው ነው?"

"ምኑ?"

"ወንዙ። የት ልትወስዱት ነው?"

ምስክር በሩን ዘጋ። ሸሀቡ መስኮቱን ያዘ፤ መኪናው ሲንቀሳቀስም እየሮጠ፣ "የትኛው ወንዝ? ንገረኝ እንጂ! የእነማን ወንዝ?" ይል ነበር። መኪናው ጭቃውን ረጭቶበት ወደ ዳባት ታጠፈ።

በማግሥቱ ማለዳ ሸሀቡ አህያውን አልጫነም። መልካም ልብሱን ለብሶ ዱላውን ሲያነሣ ረህማ በር ላይ ቆመች።

"ወዴት ነው?"

"ነጯ መኪና ዳባት አላደረችም አሉ። ወደ ቆላው ታጥፋለች፤ አንድ ሾፌር አይቷታል።"

"ማን ላከህ ደግሞ?"

"ማንም።"

"ታዲያ ማን ይሰማሃል? አያውቁህ!"

"አያውቁኝም" አለ ሸሀቡ፤ ሄደም።

አውቶቡሱ ካወረደው መንደር እስከ ወንዙ ድረስ በእግሩ ሄደ። ነጯ መኪና ዛፍ ሥር ቆማለች። አንድ የገበሬ ማኅበር ሣር ላይ ተቀምጦ የምስክርን ንግግር ያዳምጣል፤ ወጣቶቹ ለማጨብጨብ እጃቸውን አዘጋጅተዋል። ሸሀቡ አንድም የሚያውቀው ፊት አላገኘም። ከኋላ ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበና ዱላውን ከፍ አደረገ።

"ጤና ይስጥልኝ፣ ወገኖቼ" አለ። "እኔ ከደባርቅ ነኝ፤ ቆዳ ነጋዴ ነኝ። የላከኝ ሰው የለም።"